የእናታችን ዳፎዲሎች

ሜረሪድ፣

የእማዬ ዳፎዲሎች፣ የእነዚያ ቢጫ አበቦቿ ሥር፣ በር ላይ በባልዲ አለልሽ። ሽንኩርት መስሎሽ ሾርባ ውስጥ እንዳትከቺው፣ መርዝ ነው። አንድ ስንዝር ቆፍረሽ፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ላይ አድርገሽ ትከዪው።

ለሆሳዕና ግን አበባ አትጠብቂ፤ የሚወጣልሽ ቅጠል ብቻ ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ ቅጠሉ በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ አይነካም፣ ሥሩ ለከርሞ የሚሰንቀው ከሱ ነው። አንቺ የእጮኛሽ እናት ትመጣለች ብለሽ ገና አረንጓዴውን በማጨጃ ላጨሽው። እንግዲህ በሆሳዕና መንደሩ ሁሉ እንደ ልማዱ የየጓሮውን አበባ ይዞ የሟቾቹን መቃብር ሲያለብስ፣ አንቺ የሱቅ አበባ ታቅፈሽ እማዬ ፊት ቁሚ።

እማዬ የቅጠሉን ነገር የነገረችው ለኔ ብቻ ነው።

ስታጭጂ በመስኮት እያየሁሽ ነበር። ተይ ልልሽ አፌን ከፈትኩና ሻዬን ጠጣሁበት።

የቤቱን ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ትቼልሽ ሄጃለሁ።

ኔስታ