ሰባተኛውን ዘፈን ሳትሰሚ

ናይሮቢ፣ ዳንዶራ
ማክሰኞ

ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ዝናቡ ጉልበትሽን ቀሰቀሰብሽ ወይስ ዘንድሮ ማረሽ? በቆሎሽ ማማሩን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አይደለሁም። ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልወርድ ብሎኛል።

አልበሜ አልቋል። ዘጠኝ ዘፈን ነው፤ ግጥሙም፣ ምቱም፣ ቀረጻውም የራሴ። ስቱዲዮዬ ቁም ሣጥኔ ነው፤ የላክሽልኝን ብርድ ልብስ ድምፅ እንዲያፍንልኝ ቸነከርኩት፣ ይቅር በይኝ። ጎረቤቴማ “አንቺ ልጅ፣ ሣጥን ውስጥ ገብተሽ ከማን ጋር ነው የምትጣይው?” ትለኛለች።

እዚህ ዘፈን የሚሞተውም የሚድነውም ማታቱ ታክሲ ላይ መሆኑን ወያላ የነበረው ወንድሜ ሲሚዩ ነግሮሻል። ወያላው ፍላሹን ይሰካል፤ ተሳፋሪው ራሱን ከነቀነቀ አለፍሽ፣ “ቀይረው!” ካለ አበቃልሽ። እኔም እሁድ ማሲንዴ ዘንድ ሄድኩ። አዎ፣ ያው ማሲንዴ፤ ወንድሜ ወድቆ የሞተበትን መኪና ይነዳ የነበረው። ስሙን ስጠራ እንደምትቆጪ አውቃለሁ።

እስከ ስድስተኛው ድረስ መሪውን እየደበደበ “እሳት ነሽ እኮ!” ሲለኝ ነበር። ሰባተኛው ግን ሳያልቅ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና ፍላሹን ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠው። “ይሄን እናትሽ ከሰው መኪና መስማት የለባቸውም” አለኝ። “አራት ዓመት አፌን የዘጋሁት ላንቺ ብዬ ነው። መጀመሪያ ንገሪያቸው።”

ለካ ረዳቱ ከመሰካቱ በፊት ስልኩ ላይ ገልብጦት ኖሯል። ትናንት ሰባተኛው ዘፈን ከሌላ መኪና ሲጮህ ሰማሁ። የአክስቴ ልጅ ሐሙስ አንቺ ዘንድ ኪሚሊሊ ይገባል፤ እሱም ስልኩ ላይ አለው። ይህ ደብዳቤ የነገውን አውቶቡስ ካልያዘ ቀደመኝ ማለት ነው።

እማዬ፣ ያን ቀን ሲሚዩ ተረኛ አልነበረም። ተኝቼ ልዋል ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ ቀስቅሼ የላክሁት። ታዲያ በዕረፍት ቀኑ ከማታቱ ማታቱ ምን ሲያንጠላጥለው እንደዋለ ጠይቀሽ አታውቂም፤ ማሲንዴ ሲያበር ገደለብኝ ብለሽ ቆረጥሽ። ከኪሱ የወጣውን ፍላሽ ፖሊሱ ለኔ ሲሰጠኝ እያለቀስሽ ስለነበር አላየሽም። ላዩ ላይ የኔ ስም ነበረበት፣ በኔው የእጅ ጽሑፍ።

ከዚያ ወዲህ የማሲንዴ እናት ሰላም ሲሉሽ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ወንበር ቀይረሻል። እኔም እያየሁ ዝም አልኩ፤ ፈሪ ነኝ እማዬ።

ሰባተኛው ዘፈን ያለበትን ፍላሽ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ፤ ሬዲዮሽ ላይ ይሰካል። ብቻሽን አትስሚው። የማሲንዴን እናት ጥሪያቸው፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡና ስሙት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ለአልበሜ ምረቃ ባትመጪ አልቀየምሽም።

ዝናቡን በልኩ ያውርድልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ።

ያን ቀን ቤት የቀረችው ልጅሽ