ግልጹ መስታወት ከመግባቱ በፊት

ጥቅምት 4፣ ጠዋት

ዛሬም ርግብ። ሞታ መሬት ላይ፣ ልክ በአዲሱ ሕንፃ ካለው ቢሮዬ መስኮት ሥር። ዘበኛው አንስቶ ጣላት። ለናሙና የተገጠመው መስታወት ከመንገዱ ማዶ ያለውን አሮጌ ቤ/ክ ከነዛፎቹ ያሳያል። ርግቧ ምን ታድርግ?

ባለሕንፃው ሁሉም መስኮት ይኸው ሰማያዊ አንጸባራቂ ይሁን ይላል። ሙቀት ይመልሳል፣ ርካሽ ነው፣ ከመገናኛ እስከ ቦሌ ሁሉም ይኸው ነው። የቅርስ ጽ/ቤት ግልጽ ካልሆነ አይሆንም ብሏል። ግልጽ ሆኖ ሙቀት የሚመልስ አለ፤ ድርብ ነው፣ ውስጡ በዓይን የማይታይ ስስ ቅብ አለው። ውድ ነው። የአርክቴክቷ፣ ማለትም የእኔ፣ አስተያየት እየተጠበቀ ነው።

ማስታወሻዬ፣ ወንድሜ ሄኖክ የተቀበረው እዚያ ግቢ ውስጥ መሆኑን ቢሮ ውስጥ ማንም አያውቅም።

ጥቅምት 6፣ 9 ሰዓት

እማዬን አየኋት። መቃብሩ ላይ። ከሙት ዓመቱ ወዲህ አልሄድም፣ ሐዘኑ ወጥቶልኛል ብላኝ ነበር። ተንበርክካ ታለቅሳለች። ቀና ብትል መስታወቱ ላይ የምታየው ሰማይና ዛፍ ነው፤ እኔ ግን ከውስጥ ሁሉንም አያለሁ። ልደውል ስልኬን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። የሰው ቤት የገባሁ ሌባ መሰልኩ።

ጥቅምት 9፣ ከራት በኋላ

እማዬ ራሷ ነገሩን አነሳችው። ሄኖክን አየሁት አለች። አዲሱ ሕንፃ ላይ፣ ሲመሻሽ፣ መስኮቱ ውስጥ ቆሞ ያየኛል። ቁመቱ፣ ትከሻው፣ ራሱ ነው።

እኔ ነኝ። ቢሮዬ እዚያ መሆኑን አታውቅም። ሲመሽ መብራት ሳበራ አንጸባራቂው ውስጡን ለውጭ ሰው ማሳየት ይጀምራል። ትከሻዬ ደግሞ የእሱ ነው፤ ድሮም ከኋላ ያየን ሰው እኔን ከእሱ ያምታታ ነበር። አልነገርኳት። ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ ደግማ በላች።

ጥቅምት 11

መብራት አላበራሁም። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ አየኋት። እስኪመሽ ቆማ ጠበቀች። ቤት ስገባ ራት ሳትበላ ተኝታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ምን አስቀይሜው ይሆን?»

ፈራሁ። እሷን ነው ወይስ እሱን፣ አላውቅም።

ጥቅምት 15፣ ጠዋት

ፈረምኩ። ግልጹ ይግባ። ባለሕንፃው በስልክ ጮኸ፣ ተነጫነጨ፣ ተቀበለ። ናሙናው ነገ ይነሳል። ልክ ነኝ፣ መቶ ጊዜ ልክ ነኝ። ግን ከግልጽ መስታወት ጀርባ በቀን ብርሃን የምታየው እሱን ሳይሆን እኔኑ ነው። ዛሬ እነግራታለሁ።

ያው ቀን፣ ሲመሻሽ

መጥታለች። ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ። ልነግራት እስከ ደረጃው ወረድኩ፤ ተመለስኩ። ፀጉሬን ሄልሜት ውስጥ ከተትኩ። መብራቱን አበራሁ።

አየችኝ። ሳቀች፣ ማስታወሻዬ፣ እማዬ ሳቀች። እጇን አነሳች።

ነገ እሱ የለም፤ ዛሬ ይሰናበታት። እኔም እጄን አነሳሁ። ግራዬን። ሄኖክ ግራኝ ነበር።