የምድጃው ፍርግርግ ባለሙያ፦ የወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ወልደ ገብርኤል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ገብርኤል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አደይ ክንዱ ግንቦት 12 ቀን 1914 ዓ.ም. ጎርጎራ ተወለዱ። አባታቸው ዜማ ሲያስተምሩ ከጓዳ ሆነው እየሰሙ ስላደጉ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው ይወጡት ነበር።

በ1933 ዓ.ም. የጀልባ አናጺ ከነበሩት ከአቶ ገብረ መስቀል ጋር ተጋብተው፣ ሐይቁን ተሻግረው ባሕር ዳር ገቡ። ሁለት ልጆችም ወለዱ። ባለቤታቸው በ1954 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጆቻቸውን ለማሳደግ በሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ወጥ ቤት ተቀጠሩ። የተሰጣቸው ሥራ ማንም የማይፈልገው ነበር፤ የትልቁን የእንጨት ምድጃ አመድ ማውጣትና ድስት የሚጣድባቸውን ስምንት የብረት ፍርግርጎች ማጽዳት።

እሳቸው ግን ወደዱት። ፍርግርጉ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ይጠብቃሉ፤ በሽቦ ብሩሽ ይፍቁታል፤ ለብ ባለ ውሃ አጥበው ወዲያው ያደርቁታል። በመጨረሻም የኑግ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርገው ቀብተው ጢሱ እስኪያልቅ ያግሉታል። ዘይት የሚያበዛ ሰው ካዩ፣ "ኧረ ብረት ነው፤ ሙሽራ አደረግኸው እኮ!" ይሉ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ሆቴሉ ለመንግሥት እንግዶች ምሳ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። በዚያው ሳምንት ዕቃ አጣቢዋ እናትዓለም ለመፍጠን ብላ በጋለው ትልቁ ፍርግርግ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ደፋችበት። ብረቱ ጮኾ ለሁለት ተሰነጠቀ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር "ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!" ብለው ሊያሳስሯት ተነሡ። እናትዓለም የስድስት ወር ልጇን እንዳዘለች ታለቅሳለች።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ሊቀመንበሩ ፊት ቆሙ።

"ጓድ ልጄ፣ ምድጃው በእኔ እጅ ነው። ውሃ እንደማይደፋበት ያልነገርኋት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ስጡኝ፤ ካላስጠገንሁት እኔን እሰሩ።"

ተፈቀደላቸው። ስባሪውን አሸክመው ዓባይ ማዶ ወደሚኖሩት ብረት ሠሪ ወደ አቶ ሙሀመድዘይን ሄዱ።

"እማማ፣ ይህ እኮ ጊዛ ነው፤ ቀልጦ የተቀዳ ብረት። እንደ ሌላው ብየዳ አይወድም" አሉ አቶ ሙሀመድዘይን። ቢሆንም በነሐስ አያያዙት። ደጅ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ እዚያው ላይ እንደገና ተሰነጠቀ። አንዱ ቀን በከንቱ አለፈ።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ስንጥቁን በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩና፣ "የሚሰብረው ድንገት መብረዱ ነው። በፊት ሁለመናውን ከሰል ላይ እናግለው፤ ካያያዙት በኋላም በትኩስ አመድ እንቅበረውና ቀስ እያለ ይብረድ" አሉ።

አቶ ሙሀመድዘይን ሳቁ። "ሃያ ዓመት ብረት ቀጥቅጫለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ተማሪ ሆንሁ!" አሉና እንደተባሉት አደረጉ። በማግስቱ ከአመዱ ሲወጣ ፍርግርጉ ደህና ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነት እልልታውን አቀለጡት።

ምሳው በሰዓቱ ደረሰ፤ እናትዓለምም ሥራዋ ላይ ቀረች። ሊቀመንበሩ ሁለተኛ ሳህን ከበሉ በኋላ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል የምድጃ አያያዝ እንዲማር አዘዙ።

በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የመማሩ ተራ የወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ሆነ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጠሩ፤ ያስቆጠረቻቸውም ስምንተኛ ክፍል የደረሰችው እናትዓለም ነበረች። በገዛ እጃቸው የጻፉት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር "በጋለ ብረት ላይ ውሃ አትድፉ" የሚል ሲሆን፣ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በ1976 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ዳዊታቸውን ራሳቸው እያነበቡ ነበር።

ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። ጨዋታቸው ግን አልጎደለም፤ ሊያጽናኗቸው የመጡ ሁሉ ስቀው ይመለሱ ነበር። የካቲት 4 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ልጆቻቸውን መርቀው አረፉ።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል የሁለት ልጆች እናት፣ የስድስት ልጆች አያት ነበሩ። ሰባተኛ የልጅ ልጅ ነኝ የምትል የዘጠኝ ዓመት ልጅም አለች፤ ያኔ በእናትዓለም ጀርባ ላይ የነበረችው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ሲሉ የቆሙትን እናታችንን፣ እግዚአብሔር በአብርሃም አጠገብ ያስቀምጥልን። አሜን።