ሁለት የግራ እጅጌ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን።

ስፌት ቤታችን ሥራ በዝቶበታል። እትዬ እግሯ እንደ አባባ መንገዳገድ ከጀመረ ወዲህ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ በርጩማ አድርጌላታለሁ። "እንደ ንግሥት አስቀመጥሽኝ" እያለች ታስቀኛለች። በዘር የመጣው ሕመም እግሯን ይዟት እንጂ አእምሮዋ እንደ ምላጭ ነው።

ማክሰኞ ግን የአንድ ደንበኛ ኮት ሁለቱም እጅጌው የግራ ሆኖ ተቆርጦ አገኘሁት። እንዲህ ይቆርጥ የነበረው አባባ ነው፤ ነገር መርሳት የጀመረ ሰሞን፣ ትዝ ይልሃል? እትዬ ቅር እንዳይላት ቀስ ብዬ ሳሳያት ትክ ብላ አየችኝ።

"አንቺ ነሽ እኮ የቆረጥሽው! እኔ ቁልፍ ስተክል አይደል የዋልኩት?" አለችኝ።

ሳቅን። እሷ ወደ ቁልፏ ስትመለስ ጨርቁን ገልብጬ አየሁት። የጠመኔው ጽሕፈት የኔ ነው።

ለመሆኑ አባባ መቀሱን ያስቀመጠ ጊዜ ስንት ዓመቱ ነበር? እንዲያው ላውቀው ብዬ ነው። እትዬን መጠየቅ አልፈለግኩም፤ መልሱንም በእኔ ስም ላከው።

ልጆቹን ሳምልኝ። ለእኔ አታስብ፤ ደረጃውን እንደ ድሮው ሮጬ ነው የምወጣው፣ እግሬ ደኅና ነው።

ናፋቂህ፣ ትንሿ እህትህ