ሰባተኛውና ስምንተኛው ትእዛዝ

ኅዳር 5 ቀን 1930፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጆቹን አስቀምጬ ስድስተኛውን ትእዛዝ አስተማርኩ። አታመንዝር። ትልቋ ከበቡሽ፣ አሥር ዓመቷ ነው፣ «ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ወጥ አረረብኝ ብዬ ተነሣሁ። ወጥ አልጣድኩም ነበር።

አባታቸውን ንዳድ ከወሰደው ወዲህ በየእሑዱ አንድ አንድ ትእዛዝ እያልን እዚህ ደርሰናል። አሥሩንም ሳላስጨርሳቸው አልሞትም ብያለሁ… ቆላው ከፈቀደ።

ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት

ሰባተኛው። አትስረቅ። ይሄ ቀላል ነው። ትንሿ የሺ እንኳ ገባት።

«መንገድ ላይ ወድቆ ቢገኝስ?» ከበቡሽ ናት።

«ባለቤቱ ተፈልጎ ይሰጠዋል።»

«ባለቤቱ መጥፎ ሰው ቢሆንስ?»

«ቢሆንም።»

ጥሩ ትምህርት ነበር።

ኅዳር 15

የሺ ጫማ ይዛ መጣች። የወታደር ረጅም ጫማ፣ የግራው ብቻ። ከጣርማ በር ከሚወርደው የጣልያን የጭነት ካሚዮን ላይ ወደቀ አለች። ጎረቤቴ ዓይሻ አየችና «ቅበሪው ንግሥት፣ ሳይመጡብሽ» አለችኝ። እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር። ከበቡሽ ግን «ባለቤቱ ተፈልጎ ይሰጠዋል» አለች። የገዛ ቃሌን፣ በገዛ ድምፄ።

ኅዳር 16

ሦስታችንም ጫማውን ይዘን ጣልያኖቹ ሰፈር ሄድን። የሰፈሩ አለቃ በአንድ እግሩ ረጅም ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርጎ ወጣ። የራሱ ኖሯል! ሳቀ፣ ጨበጠን፣ አስተርጓሚ አስጠራ። የሺ ሳትጠየቅ «መልሱ ያለችው እህቴ ናት፤ እህቴ አትሰርቅም፣ አትዋሽም» አለች። ሁሉም ተተረጎመ።

የሰፈሩ መጋዘን ጠባቂ ስኳር ሰርቆ ታስሯል አሉ። በአለቃው ትእዛዝ ከነገ ጀምሮ ቁልፉን የምይዘው እኔ ነኝ።

«አልፈልግም በለው» አልኩት አስተርጓሚውን።

«እሱ አይተረጎምም» አለኝ።

ኅዳር 26

ቁልፉን ከያዝኩ ወዲህ እሑድም መጋዘን ስለምውል የልጆቹ ትምህርት ቆሟል። ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሰብስበው ፈቀቅ ይላሉ። ዓይሻ ልጆቼን በጓሮ በኩል መጥራት ትታለች። ዛሬ ፊት ለፊት ስንገጣጠም «እንዴት አደሩ?» አለችኝ።

አንቱ! ስትወልድ ያረስኳት፣ ስወልድ ያረሰችኝ ሴት… አንቱ።

ታኅሣሥ 4

ለጣልያን ያደሩት ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ አውድማ ለአውድማ ዞረው ማሽላ ሲወስዱ ዋሉ። አርበኞቹ እንዳይበሉት ነው አሉ። የመጋዘኑን በር የከፈትኩት እኔ። የዓይሻም ገባ፣ የዓመት ቀለቧ ሁሉ። ከአጥሩ ውጭ ቆማ ጆንያዎቿን ታያለች። እኔን አታይም።

እራት ላይ ከበቡሽ፣ «ያ ማሽላ የማን ነው?»

«ብዪ።»

«ባለቤቱ ግን…»

«ብዪ አልኩሽ!»

እኔ ራሴ አልበላሁም።

ታኅሣሥ 6

ጠዋት ለዶሮ ያስቀመጥኩትን የአምና ማሽላ ከጓዳ አወጣሁ። ነቀዝ ጨርሶታል። አገልግል ሞላሁት። ከበቡሽ አየችኝ።

«ምንድን ነው?»

«ምሳዬ።»

«ምሳሽ ይንቀሳቀሳል።»

አገልግሌን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

መጋዘን ገብቼ ጆንያዎቹን እየፈታሁ ከላይ ከላያቸው በተንኩበት። ከዚያ ለአለቃው እህሉ ነቅዟል አልኩ። መጥቶ እጁን ከተተ። ሲያወጣው ነቀዝ ይሄድበታል። ፊቱ ተለዋወጠ። አስተርጓሚው ግን ነቃ። «ከትናንት ወዲያ የገባ እህል እንዴት ሆኖ…» ሲል ከበቡሽ ከተፍ አለች። እውነተኛ ምሳዬን ይዛ።

አለቃው አወቃት። የማትዋሸዋ ልጅ! እሷ ትጠየቅ አለ።

«ይሄ እህል ሲመጣም ነቅዞ ነበር? ወይስ እናትሽ ናት ነቀዝ የጨመረችበት?»

ጆንያውን አየች። አገልግሉን አየች። እኔን አየች። ከዚህ ላነሰ ነገር ጀውሃ ላይ ሰው ሰቅለዋል… እናቷን ልታሰቅል ነው ወይስ ልትዋሽ? ምን ዓይነት እናት ናት ልጇን እዚህ የምታደርስ?

«ከነነቀዙ ነው የመጣው» አለች። ድምፅዋ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

እህሉ ገደል ይጣል ተባለ።

ታኅሣሥ 7

አገሩ ሁሉ ገደሉ ውስጥ ወርዶ ማሽላ ሲያወጣ ዋለ። ለዶሮ ነው ይላሉ። ይሄን ያህል ዶሮ በይፋት የለም። ዓይሻ የራሷን ጆንያዎች ለይታ በአህያ ጫነች።

እኔ ተባረርኩ። የነቀዘ እህል ዝም ብላ የምትረከብ ጠባቂ አልፈልግም አለ። ይሄም ተተረጎመ። ቁልፉን ሰጥቼ ወጣሁ።

ከበቡሽ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

ታኅሣሥ 8

«እማዬ፣ ዋሸሁ አይደል?»

«የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺም፣ እኔም።»

አሁንም አልበላችም።

ታኅሣሥ 10፣ እሑድ

ንስሐ አባታችን ጋ ሄድን። የተናገረችው ከበቡሽ ናት። አንድም አላስቀረች፤ ምሳዬ ይንቀሳቀስ እንደነበር ሳይቀር። አባ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ለእኔ ስግደት አዘዙ። ብዙ። እሷን «አንቺ አጠገቧ ሆነሽ ቁጠሪ» አሏት። ልንወጣ ስንል ቀስ ብለው፣

«ማሽላው ግን… ደህና ነው?»

«ደህና ነው አባ።»

«ተመስገን።»

ቤት ስንገባ ከበቡሽ በላች። ትንሽ። ዛሬ ተራው የስምንተኛው ነበር። አላስተማርኩም። በየትኛው አፌ?

ታኅሣሥ 13

ዓይሻ በጓሮ በኩል መጣች። አንድ ቁና ማሽላ አስቀምጣ «ነቀዝሽን ለቅሜልሻለሁ» አለችኝ። አንቺ አለችኝ! ከበቡሽን ስባ አናቷን ሳመችና «አላህ ያሳድግሽ» አለቻት። ከበቡሽ አልሳቀችም።

ታኅሣሥ 17፣ እሑድ

ከበቡሽ አሥሩንም በቃሏ ታውቃለች፤ የሚቀራት ትርጉሙ ነው። ለእህትሽ አንቺ ቁጠሪላት አልኳት። የሺ እጆቿን ዘርግታ በየትእዛዙ አንድ አንድ ጣት ታጥፋለች። የመጀመሪያዎቹ አራቱ አለፉ። አትግደይ። አታመንዝሪ። አትስረቂ። አትመኚ። ባልንጀራሽን እንደ ራስሽ ውደጂ።

«አንድ ጣት ተረፈኝ» አለች የሺ።

ከበቡሽ መሬት መሬት ታያለች። እኔም። የሺ ጣቷን እንደቀሰረች ትጠብቃለች።

«በባልንጀራሽ ላይ…» ብዬ ጀመርኩ።

«…በሐሰት አትመስክሪ» ብላ ጨረሰችው ከበቡሽ። ቀስ ብላ።

የሺ ጣቷን አጠፈች። «እሱ ምን ማለት ነው?»

«እሱ ከባድ ነው» አለቻት። «እማዬም ገና አልያዘችውም።»