ሮዝ ካልሲ ለወንድ ልጅ

ለማትረሳኝ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? የእግርሽ እብጠት ተወልሽ? እኔ ትከሻዬን ከሚያመኝ በስተቀር ደህና ነኝ። ያው የሹራብ ሥራ ትከሻ አይምርም።

ለሚወለደው ልጅሽ ሰማያዊ ካልሲ እንድሠራለት በእማዬ በኩል የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። እማዬማ «ወንድ ነው አሉ፣ ወንድ ነው» እያለች ጆሮዬን አደነቆረችው። ሦስቴ ነገረችኝ፤ ሦስቴም እሰይ አልኳት። ሦስተኛዋ እሰይ ግን ከአንገት በላይ ነበረች። ምን ልደብቅሽ፣ ቀንቻለሁ። ልጆች ሳለን ቀሚሱም ጫማውም መጀመሪያ የእኔ፣ ሲጠበኝ ያንቺ ነበር። «እኔ አዲስ የምለብሰው መቼ ነው?» እያልሽ ስታለቅሺ በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ቀደምሽኝ፤ ማልቀሱ ለእኔ ደረሰ።

ስለዚህ ሮዝ ሠራሁለት። አዎ፣ ሮዝ። እዚህ የምሠራበት ልብስ ስፌት ሱቅ ያሉት አዛውንት ልብስ ቆራጭ እንደነገሩኝ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ በአንዳንድ አገር ነጋዴዎች ሮዝን ለወንድ ይመክሩ ነበር፤ የቀይ ልጅ ነው፣ ኃይለኛ ነው ብለው። ሰማያዊው ለስለስ ይላል ተብሎ ለሴት ይሰጥ ነበር። ከዚያ በፊትማ ወንዱም ሴቱም ነጭ ቀሚስ ነው የሚለብሰው፤ ነጭ ተቀቅሎ ይታጠባላ። ይህን ሁሉ ብትቆጪኝ ብዬ አዘጋጅቼ ነበር። እውነቱን ንገሪኝ ካልሽኝ ግን፣ ጠያቂ ሁሉ እንዲስቅብሽ ነበር የፈለግሁት። አክስት ተብዬ በሕፃን እግር ልበቀል ተነሣሁ።

ጠቅልዬ ላሽገው ስል ሁለት ጣቴን ካልሲው ውስጥ ከተትኩ። ሞላ። በዚህች እግር ነው የቀናሁት ብዬ አፈርኩ። ሮዙን ሱቁ መደርደሪያ ላይ ትቼ ነጭ ሠራሁለት።

ነጩን ልብ ብለሽ ስታዪው ክሩ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ይላል። አዲስ ክር እንዲህ አይሆንም፤ ተተርትሮ ዳግም የተሠራ ነው። አጥቤ በእንፋሎት ብተኩሰውም አልቃናም አለኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ጨጓራዬ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት በር ዘግቼ የተኛሁትን ታስታውሻለሽ? ሾርባ ይዘሽልኝ መጥተሽ፣ ዓይኔን አይተሽ፣ ጨጓራ እንዲህ ያስለቅሳል እንዴ ብለሽኝ ነበር። ለማንም ሳልነግር የሠራኋትን የሕፃን ካልሲ ተርትሬ፣ ክሩን ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ የከተትኩት በዚያው ሳምንት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ እውነታቸውን ነው። ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ።

በሰላም ተገላገዪ። ልጁን ያሳድግልሽ፤ እግሩም ክፉ አይርገጥ። ሰማያዊውን በኋላ እሠራለታለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን አጥልቂለት። እንደ ልማዳችን ነው፤ በፊት የእኔ ነበር።

ታላቅ እህትሽ፣
የልጅሽ አክስት