በእህቴ ልጅ ፎቶ ላይ ስለተለጠፈው ማስታወቂያ

ለተከበሩ የኮሚክ መጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ፣

ዝናብ ያበላሸው «ጠፍታለች፤ ያያችኋት ደውሉ» የሚለው የድርጅትዎ ወረቀት ትናንት ጠዋት በአውቶቡስ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ በአዲስ ተተክቷል።

ከዚህ በመቀጠል፣ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ልጆችዎ ከትምህርት ቤት በሰዓታቸው እንደሚመለሱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን፤ የእህቴ ልጅ ብቻ የዘንድሮው ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ለትምህርት እንደወጣች አልተመለሰችም።

በቅድሚያ የሥራችሁን ጥራት ላመስግን። ስለጠፋች ልጅ የሚተርከውን አዲሱን መጽሐፍ ለማስተዋወቅ ያዘጋጃችሁት ወረቀት ቁርጥ የአፋልጉኝ ወረቀት ነው። የመጽሐፉ ስም የለበትም፤ ፎቶው ሥዕል መሆኑን ለማወቅም አፍንጫን ግድግዳው ላይ ማስነካት ያስፈልጋል። መጽሐፉን አንብቤዋለሁ። ሠዓሊው የእናትየዋን ጭንቀት የሳለው ተጠንቅቆ ነው። እሱ የተጠነቀቀለትን ክፍልዎ ለምን እንደረገጠው ስላልገባኝ፣ ቅሬታዬን እንደሚከተለው በአክብሮት አቀርባለሁ።

፩. ወረቀት ለጣፊዎቻችሁ «ሰው ቆሞ የሚያነብበት ቦታ ፈልጉ» ተብለው ነበር አሉ። ሰው ቆሞ የሚያነበው የእኛን የአፋልጉኝ ወረቀት ሆኖ ስላገኙት፣ ልክ የእህቴ ልጅ ፊት ላይ ለጠፉበት። እንዲህ ያሉ ትእዛዝ አክባሪ ሠራተኞች ስላሏችሁ እንኳን ደስ አላችሁ።

፪. እህቴ ወረቀታችሁ ላይ ወዳለው ቁጥር ደውላለች። እንደ እሷ ልጇ የጠፋባት ሌላ እናት ያለች መስሏት «አይዞሽ» ልትላት ነበር። አንዲት ሕፃን «እማዬ፣ የት ነሽ?» ብላ ካለቀሰች በኋላ፣ አንድ ጎርናና ድምፅ መጽሐፉ በሁሉም መደብሮች እንደሚገኝ ነገራት። ስለ መረጃው እናመሰግናለን።

፫. መናኸሪያው በር ላይ ማስቲካና ካልሲ የምትሸጠው ሴትዮ ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ የምትመስል ልጅ አውቶቡስ ስትሳፈር አይታለች። ለምን እንዳልደወለች ስንጠይቃት፣ «ኧረ እኔማ ያንኑ የመጽሐፉን ነገር መስሎኝ! አንዴ ደውዬ ተሸውጄ የለም እንዴ?» አለችን። አውቶቡሱ ወዴት እንደሚሄድ አላስተዋለችም። ለዚህኛው ተስማሚ የምስጋና ቃል አጥቻለሁ፤ ክፍልዎ ቃል የሚመርጡ ባለሙያዎች አሉትና ቢተባበሩኝ።

ዓላማችሁ ስለጠፉ ልጆች ግንዛቤ መፍጠር እንደሆነ በስልክ አስረድተውኛል። ተፈጥሯል። ዛሬ በመናኸሪያው የሚያልፍ ሰው ሁሉ የአፋልጉኝ ወረቀት ሲያይ ፊቱን አዙሮ ማለፍ እንዳለበት በሚገባ ተገንዝቧል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ወረቀቶቹን ያስነሡልን። ከሥራቸው ያለው የሰው ልጅ ፎቶ ነውና ሲልጧቸውም ቀስ ይበሉ።

የንባብን ባህል ለማሳደግና የከተማውን ግድግዳ ባዶ ላለማስቀረት ስለሚያደርጉት ያላሰለሰ ጥረት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የልጅቷ አጎት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ በመጽሐፉ ምረቃ ላይ መድረክ ወጥታ ከተቀመጠችላችሁ የልጇን ፎቶ በሁለተኛው እትም የመጨረሻ ገጽ ላይ እንደሚያወጡላት፣ መልሷንም እስከ ሐሙስ እንደሚጠብቁ በትህትና አሳውቀውናል። እኔ እንዳትሄድ መክሬያታለሁ። እሷ ግን ገና አልወሰነችም፤ የምረቃው አዳራሽ ስንት ሰው እንደሚይዝ ጠይቅልኝ ብላኛለችና፣ እባክዎ ከሐሙስ በፊት ቁጥሩን ይላኩልን።